በአንድ ኪስ የቆመ ክለብ፦ ከካምፖ ማዮር እስከ ፓዌ

ፓዌ ላይ የአርሴናል ወይም የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ መሆን ቀላል ነው። ዲሽ ያለበት ቤት መግባት፣ ሻይ ማዘዝ፣ ከዚያ መጮህ ነው። ችግሩ ያለው የራስን ክለብ መደገፍ ላይ ነው። ከመተከል ተነስቶ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ያላት ከተማ የሚፈልግ ሰው ቅርቡ ባህር ዳር ነው፤ ገፋ ካለ ደግሞ ጎንደር። ሁለቱም የሌላ ክልል ከተሞች ናቸው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ስም ይዞ የኢትዮጵያን ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሳ ክለብ የለም።

ለነገሩ ዋንጫው ለክፍለ ሀገር ሰው ድሮም ሩቅ ነው። ሊጉ በ1990 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ከተጀመረ አንስቶ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ዋንጫው ከአዲስ አበባ የወጣው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ሀዋሳ ከነማ በ1996 እና በ1999፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታ በ2011፣ ፋሲል ከነማ በ2013። የተረፈው በሙሉ የመዲናዋ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ የፈረሰኞቹ።

አምስት ጊዜ ትንሽ ነው የሚል ካለ ፖርቱጋልን ይመልከት። በዚያ አገር ሊግ ታሪክ ውስጥ ከሊዝበንና ከፖርቶ ከተሞች ውጭ ሻምፒዮን የሆነ አንድም ክለብ የለም። ቤንፊካ፣ ፖርቶና ስፖርቲንግ እየተፈራረቁ ይወስዱታል። ከሦስቱ እጅ ዋንጫውን የነጠቁት ሁለት ክለቦች ብቻ ናቸው፦ ቤሌኔንሴስ በ1946 እና ቦአቪስታ በ2001 እ.ኤ.አ.። ቤሌኔንሴስ የሊዝበን ነው፣ ቦአቪስታ ደግሞ የፖርቶ። ክርስቲያኖ ሮናልዶን ያፈራችው ማዴይራ እንኳ ሻምፒዮን አይታ አታውቅም። በዚህ ሂሳብ ሀዋሳ፣ ጅማ፣ መቐለና ጎንደር የሠሩት ሥራ ብራጋና ጊማራይሽ ያልቻሉት ነው።

ጥያቄው ታዲያ የክፍለ ሀገር ክለብ ዋንጫ ማንሳት ይችላል ወይ አይደለም። ይችላል፤ ታይቷል። ጥያቄው ከዋንጫው በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ክለብ ለሌላት ፓዌም ቢሆን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ የለም፤ ምክንያቱም አንድ ቀን ክለብ ይመስረት ከተባለ መጀመሪያ የሚነሳው "ማን ይከፍላል?" የሚለው ነውና።

የቡና ነጋዴው ቡድን

ካምፖ ማዮር በፖርቱጋል አሌንቴዦ ግዛት፣ ከስፔን ድንበር አፍንጫ ሥር ያለች፣ ስምንት ሺህ ገደማ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ሜዳማ፣ ሞቃት፣ ከዋና ከተማው የራቀች። ፓዌን ለሚያውቅ ሰው ጠባይዋ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። እዚያ በ1926 እ.ኤ.አ. ስፖርቲንግ ክለብ ካምፖማዮሬንሴ የሚባል ቡድን ተመሠረተ። ለሰባ ዓመት ገደማ በታችኛው ሊግ ሲንከላወስ ኖረ፤ ከአውራጃው ውጭ ስሙን የሚያውቀው ብዙ ሰው አልነበረም።

ነገሩን የቀየረው ቡና ነው። ሩይ ናቤይሮ የሚባል የከተማዋ ተወላጅ በ1961 እ.ኤ.አ. ዴልታ የሚባል ቡና የሚቆላ ኩባንያ አቋቋመ። ከጊዜ በኋላ ዴልታ በፖርቱጋል የቡና ገበያ አንደኛ ሆነ። ካምፖ ማዮር ውስጥ ዴልታ ያልነካው ቤት ማግኘት ይቸግራል፤ ሥራውም፣ ደሞዙም፣ ድግሱም ከዚያው ነው። የሩይ ልጅ ዥዋው ናቤይሮ የእግር ኳስ ክለቡን በፕሬዚዳንትነት ሲይዝ የቡናው ገንዘብ ወደ ሜዳ ገባ። በ1995 እ.ኤ.አ. ያቺ ትንሽ ከተማ ከቤንፊካና ከፖርቶ ጋር እኩል ሊግ ውስጥ ተገኘች።

በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ክለቡ ከኔዘርላንድ አንድ እምብዛም የማይታወቅ አጥቂ አስመጣ። ጂሚ ፍሎይድ ሃሰልባይንክ ይባላል። አዎ፣ በኋላ በሊድስና በቼልሲ የእንግሊዝን በረኞች እንቅልፍ የነሳው፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በፕሪሚየር ሊጉ የኮከብ ጎል አግቢነት ጫማ ያጠለቀው ራሱ ሃሰልባይንክ ነው። ካምፖ ማዮር ላይ 12 ጎል አስቆጥሮ ወደ ቦአቪስታ ሄደ። ክለቡ ግን ከመውረድ አልዳነም። በማግስቱ ዓመት የሁለተኛውን ሊግ አሸንፎ ተመለሰና ከ1997 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. አራት ዓመት ቆየ።

ትልቁ ቀን የመጣው ሰኔ 1999 እ.ኤ.አ. ነው። የፖርቱጋል ዋንጫ ፍጻሜ፤ በአንድ በኩል ካምፖማዮሬንሴ፣ በሌላ በኩል የአቬይሮው ቤይራ ማር። ሁለቱም ክፍለ ሀገር፣ ከሦስቱ ትልልቆች አንድም የለም። ቤይራ ማር 1 ለ 0 አሸነፈ። አስገራሚው ነገር ዋንጫውን ያነሳው ቤይራ ማር በዚያው ዓመት ከሊጉ ወርዷል፤ የተሸነፈው ካምፖማዮሬንሴ ግን በሊጉ ቆየ። እግር ኳስ እንዲህ ያለ ቀልድ ይወዳል።

ከዚያ በ2001 ወረደ። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክለቡ ከፕሮፌሽናል እግር ኳስ ወጥቻለሁ ብሎ በሩን ዘጋ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ ዴልታ አልከሰረም። ዛሬም በፖርቱጋል ስመ ጥር ቡና ነው። ሩይ ናቤይሮ በ2023 እ.ኤ.አ. በ91 ዓመቱ ሲያርፍ አገር ነው ያዘነለት። ማለትም ካምፖማዮሬንሴን የዘጋው ባዶ ኪስ አይደለም፤ የተዘጋ ኪስ ነው። ገንዘቡን የሚያፈሰው አንድ ቤተሰብ ሲሆን "በቃኝ" ማለቱም የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል። ደጋፊው በዚያ ውሳኔ ላይ ድምፅ የለውም፤ ምክንያቱም ሲገነባም ድምፅ አልነበረውም።

ሌላ የፖርቱጋል ምሳሌ ይጨመር ከተባለ ዴስፖርቲቮ አቬስ አለ። እሱም የትንሽ ከተማ ቡድን ነው። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. በፍጻሜው ስፖርቲንግን 2 ለ 1 አሸንፎ የፖርቱጋልን ዋንጫ ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ወረደ፤ ቡድኑን ይመራ የነበረው ኩባንያም በዕዳና ባልተከፈለ ደሞዝ ተዘፍቆ የፕሮፌሽናል ፈቃዱን አጣ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። በፖርቱጋል ሕግ የአባላት ማህበሩና ፕሮፌሽናሉን ቡድን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ሁለት የተለያዩ አካላት ናቸው። ኩባንያው ሲሞት የአቬስ አባላት በአዲስ ስም ከታችኛው የአውራጃ ሊግ ጀመሩ። ከሰማይ ወደ ምድር መውረድ ነው፤ ግን መሬቱ የራሳቸው ነበር።

ቢራው ሲያልቅ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ተመልካች አዲስ አይደለም፤ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው። የእኛ እግር ኳስ ከድሮም የመሥሪያ ቤት ልጅ ነው። የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ያንን ቡድን የወለደው ፈትልና ጨርቅ ነው። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሕግ ሆነ። ክለቦች በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት ሥር ተደራጁ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሳይቀር ስሙን አጥቶ አዲስ አበባ ቢራ ተብሎ ተጫውቷል። ወንጂ ስኳር፣ መተሐራ ስኳር፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ፣ አርባ ምንጭ ጨርቃጨርቅ… የሚመረተውን ሁሉ በማሊያ ላይ ማንበብ ይቻል ነበር።

እንዲህ ያለ ክለብ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ተጫዋቹ የወር ደሞዝ አለው፣ ብዙ ጊዜም ቋሚ ሥራ አለው፣ ከጨዋታ ሲወጣ መግቢያ አያጣም። ጉዳቱ የሚታየው ፋብሪካው ሲሸጥ ወይም አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሲመጣ ነው። ሐረር ቢራ በ2011 እ.ኤ.አ. ለሃይኒከን፣ ሜታ አቦ ደግሞ በማግስቱ ዓመት ለዲያጆ ተሸጡ። ሁለቱም ስሞች በአንድ ወቅት የፕሪሚየር ሊጉ ሰንጠረዥ ላይ ነበሩ፤ ዛሬ የሉም። የውጭ ኩባንያ ጠርሙስ ሊሸጥ ነው የመጣው፤ ተከላካይ ሊያስፈርም አይደለም።

ለፓዌ ሰው የቀረበው ምሳሌ ግን የጎንደሩ ነው። ጎንደር በአንድ ጊዜ ሁለት ክለብ ነበራት። አንደኛው ዳሸን ቢራ፤ የፋብሪካው ልጅ፣ በጀት ያለው፣ በፕሪሚየር ሊጉ የከተማዋ ተወካይ። ሁለተኛው ፋሲል ከነማ፤ በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ የከተማው ልጅ፣ ኪሱ ቀጭን፣ ደጋፊው ግን ወፍራም። በ2008 ዓ.ም. ሁለቱ መንገድ ላይ ተላለፉ። ዳሸን ቢራ ወረደ፤ ፋሲል አደገ። ከዚያ ዳሸን ቢራ ፈረሰ።

ይህንን ነገር እንደ ተራ ዜና ማለፍ አይገባም። የቢራ ፋብሪካው እንደ ካምፖ ማዮሩ ዴልታ ሁሉ ሥራውን ቀጥሏል፤ ቢራው ይሸጣል። የፈረሰው ክለቡ ነው። ለጎንደር ደጋፊ ግን ያ ቀን የቀብር ቀን አልሆነም፤ ምክንያቱም ከጎኑ ሌላ ክለብ ነበረው። ፋሲል ባይኖር ኖሮ ጎንደር በ2009 ዓ.ም. እንደ ካምፖ ማዮር ስታዲየሟን ይዛ ትቀር ነበር። አፄዎቹ በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ ከተማ፣ ከጅማ አባ ቡናና ከወልድያ ጋር ወደ ሊጉ ሲገቡ ብዙ ሰው መጥተው የሚመለሱ መስሎት ነበር። አባ ቡናና አዲስ አበባ ከተማ ወዲያው በዓመቱ ወረዱ፤ ወልድያም በማግስቱ ተከተለ። ከአራቱ የቀረው ፋሲል ነው።

ዋንጫ ያለ ሜዳ

የፋሲል አነሳስ በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ እስከ መጨረሻው ቀን ለሊጉ ዋንጫ ተፎካከረ፤ ዋንጫው ግን ወደ መቐለ ሄደ። ማጽናኛው በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ዋንጫን ማንሳቱ ነው። በዚያም በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ የታንዛኒያውን አዛምን ገጠመ። ባህር ዳር ላይ 1 ለ 0 አሸነፈ፣ ዳሬሰላም ላይ 3 ለ 1 ተሸነፈ። የ2012ቱ ሊግ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ።

ከዚያ 2013 መጣ። በአሠልጣኝ ስዩም ከበደ እጅ ያለው ቡድን፣ ከፊት ሙጂብ ቃሲም፣ ከኋላ ያሬድ ባየ፣ በክንፍ ሽመክት ጉግሳና ሱራፌል ዳኛቸው፣ በግቡ ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጥሮ አገሩን ጉድ አሰኝቶ ነበር፤ ዋንጫው ግን ጨዋታዎች እየቀሩ የፋሲል መሆኑ ታወቀ። አንድ ሰው ጎል ያገባል፣ ቡድን ዋንጫ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ግን አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። በዚያ ዓመት ሊጉ በኮሮናና በቴሌቪዥን ስርጭቱ ምክንያት በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ ነው የተካሄደው፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ። ጎንደር የለችበትም። ፋሲል በታሪኩ ትልቁን ዋንጫ ሲያነሳ አንድም የሊግ ጨዋታ በፋሲለደስ ስታዲየም አልተጫወተም። ደጋፊው ቡድኑን ሻምፒዮን ሲሆን ያየው በዲኤስቲቪ ነው፤ ልክ ፓዌ ላይ ያለ ሰው እንደሚያየው። በዚያ ዓመት የጎንደር ልጅና የፓዌ ልጅ እኩል ሆኑ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአፍሪካ መድረክም ያው ነው። በ2014 መግቢያ በቻምፒዮንስ ሊግ የሱዳኑን አል ሂላልን "በሜዳው" 2 ለ 2 ያለያየው ባህር ዳር ላይ ነው። በመልሱ 1 ለ 1 ወጣ፤ ከሜዳ ውጭ ባገባው ጎል ሂላል አለፈ።

ሊጉን የገዛው የዲኤስቲቪ ውል ለአምስት ዓመት ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ነው ሲነገር የነበረው። ገንዘቡ ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ትልቅ ነገር ነው፤ ክለቦች ከመንግሥት በጀት ውጭ ሌላ ምንጭ አዩ። በአንጻሩ ግን በተመረጠ ከተማ መሰብሰብ ማለት ለሳምንታት ሆቴል መያዝ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ሲጫወት ቤቱ ያድራል። የጎንደሩ ቡድን ግን ለፋሲለደስ ስታዲየም ትኬት ሸጦ የሚያገኘውን ሳንቲም አጥቶ የሆቴል ሂሳብ ይከፍላል። ደጋፊ የክፍለ ሀገር ክለብ ሁለተኛው ኪስ ነው፤ ያ ኪስ በዚያን ጊዜ ተሰፋ።

አንደኛው ኪስ ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ ነው። "ከነማ" የሚለው ቃል የከተማ ነዋሪዎች ማህበር ማለት ነበር፤ ቃሉ የነዋሪው፣ በጀቱ ግን የከንቲባው። የአገራችን የክፍለ ሀገር ክለብ ከፋብሪካ ወጥቶ የገባው ማዘጋጃ ቤት ነው። ይሄም ያው አንድ ኪስ ነው። ከንቲባ ሲቀየር፣ በጀት ሲያጥር፣ ሰላም ሲጠፋ ክለቡ ይንገዳገዳል።

ለዚህ ጅማ አባ ጅፋርን ማየት ይበቃል። በ2010 ዓ.ም. ሊጉን በተቀላቀለበት የመጀመሪያ ዓመት ከፈረሰኞቹ ጋር እኩል ነጥብ ይዞ በጎል ልዩነት ሻምፒዮን ሆነ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ጎሉን ሲያዘንብ፣ አሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ ሲመሩ፣ ጅማ ሰማይ ነክታ ነበር። በማግስቱ ዓመት በቻምፒዮንስ ሊግ አል አህሊን 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በድምር ውጤት ቢወድቅም። ግን ገብረመድህን በዚያው ዓመት መቐለ ሄደው ሌላ የክፍለ ሀገር ቡድን ሻምፒዮን አድርገው ነበር። ተጫዋቾቹም ተበተኑ፤ ደሞዝ አልተከፈለንም የሚለው ቅሬታ ደግሞ ተደጋገመ። በ2014 ዓ.ም. አባ ጅፋር ወረደ። ከዋንጫ እስከ መውረድ አራት ዓመት። ካምፖማዮሬንሴ እንኳ ከዚህ አልፈጠነም።

መቐለስ? በ2011 ዋንጫውን ያነሳው ቡድን ከጥቅምት 2013ቱ ጦርነት ጋር ከሊጉ ጠፋ፤ ወልዋሎና ስሑል ሽረም አብረውት። የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። ይህ ሲታይ የክፍለ ሀገር ክለብን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን መንገድም ሊዘጋበት እንደሚችል ይገባል።

በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች

ወደ ፓዌ እንመለስ። የፓዌን ያህል በአንድ ኪስ ላይ የቆመ ቦታ በኢትዮጵያ መፈለግ ያደክማል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ሀዲያ እንዲሁም ከሌሎች አካባቢዎች ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አምጥቶ በበለስ ሸለቆ አሰፈረ። መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ የጉሙዝ ሕዝብ መኖሪያ ነበር፤ ያ ጥያቄም አብሮ ተተከለ። የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ሰጠ፤ ሳሊኒ የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ ሥራውን ያዘ። ጣና በለስ ፕሮጀክት ተባለ። ሆስፒታል፣ መንገድ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ትራክተር በገፍ መጣ። መንደሮቹ ስም እንኳ ሳይወጣላቸው በቁጥር ተጠሩ፤ ዛሬም ሰው የመጣበትን ሲጠየቅ መንደር ሁለት፣ መንደር ሰባት ብሎ ነው የሚመልሰው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲቀየር ፕሮጀክቱ ቆመ። ጣሊያኖቹ ሄዱ፣ ትራክተሮቹ ዛጉ፣ ከሰፋሪው ብዙው ወደ መጣበት ተመለሰ። የቀረው ሰው ግን ራሱ አርሶ ራሱ በላ። ሆስፒታሉ ቀረ፣ የእርሻ ምርምር ማዕከል ተተከለ፣ የወረዳዋ ከተማ አልሙ እያደገች ሄደች። ለስፖርት ሰው ይሄ ቁም ነገር አለው። የቡድን ስም ይውጣ ቢባል ፓዌ ላይ ስም ማውጣት አያስፈልግም፤ ቁጥሩ አለ። የመንደር ለመንደር ውድድር እንደ ፓዌ የተመቸበት ወረዳ የት ይገኛል?

ሁለተኛው ትልቅ ገንዘብ የመጣው ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ሳሊኒ ወደዚያው መተከል ዞን ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ጉባ ላይ፣ የህዳሴውን ግድብ ሊገነባ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በአማራ ክልል ጃዊ በኩል ደግሞ የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ተተከለ። በድሮው ልማድ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ "በለስ ስኳር" ወይም "ህዳሴ" የሚባል ክለብ በሊጉ ውስጥ እናይ ነበር። ወንጂና መተሐራ በስኳር ነው የተጫወቱት፣ የአዲስ አበባው መብራት ኃይል በኤሌክትሪክ ነው የ1990ና የ1993ን ዋንጫ ያነሳው። አሁንም ይቻላል የሚሉ ይኖራሉ፤ ስኳርና መብራት ቀላል ኪስ አይደሉምና። ነገር ግን የመብራት ኃይልን የኋላ ታሪክ ያየ ሰው ይጠነቀቃል፤ ያ ባለ ሁለት ዋንጫ ክለብም ከሊጉ መውረዱ አልቀረም።

የመተከል ነገር ከኪስም በፊት የሰላም ነገር ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በዞኑ የደረሰው ግድያና መፈናቀል ይታወቃል። በታህሳስ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ጥቃት ተገደሉ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቻግኒ ራንች መጠለያ ገቡ። ፋሲል ዋንጫውን ሊያነሳ ሲገሰግስ የነበረው በዚያው የውድድር ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ከታጣቂዎች ጋር የሰላም ስምምነት ተፈርሟል፤ ግን ማምሻውን መንገድ ላይ አውቶቡስ ይቁም ወይ አይቁም ብሎ የሚያስብ ከተማ ቡድኑን ለሜዳ ውጭ ጨዋታ በልበ ሙሉነት አይሸኝም። በአጎራባቹ የአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተቀሰቀሰው ግጭት ይህንኑ ጭንቀት ለባህር ዳርና ለጎንደር ደጋፊ አካፍሎታል።

በፓዌ ጉዳይ ሌላም የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ካርታው። ክልሉን አባይ ለሁለት ይከፍለዋል። ፓዌና መተከል በሰሜን ናቸው፣ ዋና ከተማው አሶሳ በደቡብ። የመተከል ሰው ገበያውም፣ ሕክምናውም፣ ኳሱም የሚያየው ወደ ቻግኒና ባህር ዳር ነው፤ በጀቱ ግን የሚወሰነው አሶሳ ላይ ነው። ክልሉ አንድ ጠንካራ ቡድን ይኑረን ቢል ገንዘቡ ርዕሰ ከተማው ላይ መቆሙ የታወቀ ነው። ፓዌ ከክልሉ ካዝና ብቻ ክለብ የምትጠብቅ ከሆነ ገና ብዙ ትጠብቃለች።

እንግዲህ ምን ይሻላል? የተጫዋች ደሞዝ ጣሪያ በ2012 ዓ.ም. በወር 50 ሺህ ብር ይሁን ተብሎ እንኳ የፊርማው ጉዳይ በጓሮ ሲዞር የኖረበት ሊግ ነው። እዚያ ሊግ ውስጥ ከአንድ ወረዳ ተነስቶ በችኮላ መግባት ራስን ለጅማ ዓይነት ዕጣ ማዘጋጀት ነው። አቅሙ ያለው ባለሀብት ቢገኝ እንኳ በአንድ ዓመት ተጫዋች ገዝቶ ከፍተኛ ሊግ መግባት ይቻል ይሆናል፤ ካምፖ ማዮርም በቡና ገንዘብ ከዚያ በላይ ሄዳ ነበር።

ከፋሲልና ከዳሸን ታሪክ የሚወሰደው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ጎንደር ላይ መጀመሪያ የከተማው ክለብ ነበር፣ ቢራው በኋላ መጣ፣ ቢራው ቀድሞ ሄደ። ፓዌም ላይ መጀመሪያ አባል ያለው ማህበር ቢቀድም፣ በወር አሥርና ሃያ ብር የሚያዋጣ፣ ከየመንደሩ ተወካይ ያለው፣ የጉሙዙም የሰፋሪውም ልጅ በአንድ ማሊያ የሚጫወትበት፣ ስኳሩም ግድቡም ማዘጋጃ ቤቱም በስፖንሰርነት ከኋላ ቢመጡ ጥሩ ነው። ስፖንሰሩ ሲሄድ ማሊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ይቀየራል፤ ክለቡ ግን ይቀራል። ባለ ፋብሪካው ባለቤት ከሆነ ግን የሚሄደው ማሊያውን ይዞ ነው።

በዚህ መንገድ የሚመጣ ቡድን ለፕሪሚየር ሊግ አይቸኩልም። መነሻው የክልል ክለቦች ሻምፒዮና ነው፤ ከዚያ አንደኛ ሊግ፣ ከዚያ ከፍተኛ ሊግ። ምናልባት አሥር ዓመት ይፈጅ ይሆናል፤ ፋሲልም ቢሆን ከተመሠረተ እስከ ሻምፒዮንነት ከሃምሳ ዓመት በላይ ወስዶበታል። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ደግሞ በጣም ተራ ነው፦ አልሙ ላይ ሣሩ የተስተካከለ ሜዳ፣ ዳኛ፣ ሁለት መረብ፣ የመንደሮቹን ጨዋታ የሚመዘግብ ደብተር። ያ ቡድን የክልሉን ሻምፒዮና ለመጫወት አሶሳ ሲጠራ አባይን መሻገር አለበት፤ የአውቶቡሱን ነዳጅ ማን እንደሚሞላ ግን ገና አልሙ ላይ እያለ መታወቅ ይኖርበታል።